መዳፍ ወደ ታች

ሰው ስጠራ መዳፌን ወደ ታች ደፍቼ ጣቶቼን ወደ ራሴ እሰበስባለሁ። እናቴ እንዲህ ስትጠራኝ ነው ያደግሁት። አስተማሪዎቼም፣ ጎረቤቶቼም እንደዚሁ። መዳፍን ወደ ላይ ገልብጦ በአንድ ጣት መጥራት በእኛ ዘንድ ንቀት ነው፤ እንደዚያ የሚጠራኝ ሰው ጋ ዛሬም ቢሆን እግሬ ቶሎ አይሄድም። እዚህ ሚኒሶታ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን እንደመጣሁ ሰሞን አውቄያለሁ። አውቄ ግን እጄን አልቀየርኩትም። ለምን ብዬ? ምላሴን ለእንግሊዝኛ ሰጠሁ፣ ወገቤን ለኤደን ፕሬሪ መጋዘን ሰጠሁ፤ እጄ እንኳ ለእኔ ይቅርልኝ።

ሴንት ፖል ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ፣ የምወደውን ሥራ ሊያሳጣኝ የነበረው ታዲያ ይኸው እጅ ነው።

ሥራዬ ፓይል መትከል ነው። ፓይል ማለት ረጅምና ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። ወንዙ ዳር መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ከባድ ነገር ቢሠሩበት ይሰምጣል። ስለዚህ ቱቦውን በክሬን አንስተን ቀጥ አድርገን እናቆመዋለን፤ ከዚያ ክሬኑ በያዘው ትልቅ መዶሻ አናቱን እየወገርን፣ ጭቃውን በስቶ ጠንካራው መሬት ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንሰደዋለን። ብዙ ቱቦ ተሰልፎ ሲያልቅ በላዩ ኮንክሪት ይፈስሳል፣ ኮንክሪቱ ላይ ማራገፊያው ይቆማል፣ ባርጅ የሚባሉት ሆደ ሰፊ የጭነት ጀልባዎችም መጥተው ይጠጉበታል። በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሚመጣው በእነሱ ነው። ከኢገን እስከ ሜፕልዉድ መኪናው ሳይንሸራተት ቤቱ የሚገባ ሰው ሁሉ እኔን አያውቀኝም። ድልድዩ ላይ ስነዳ ግን ግራና ቀኝ ያሉትን መኪናዎች እያየሁ በሆዴ፣ «አይዟችሁ፣ እኔ አለሁ» እላቸዋለሁ።

ሴት ነኝ። ይህን የምናገረው ሰው ስለማይረሳልኝ ነው። መጋዘኑን ትቼ የፓይል ሥልጠና ስገባ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሴቶች ከበውኝ፣ «ምነው አንቺ? መጋዘኑ ምን አለሽ? ሙቀት አለው፣ ጣራ አለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ጣራ አለው። እኔም የሰለቸኝ ጣራው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሳላይ ካርቶን ስገፋ ኖሬ፣ ማታ ስወጣ ሰማዩ ደግሞ ጨልሞ ይጠብቀኛል። ወንዙ ላይ ንፋሱ ፊት ይልጣል፣ ላይፍ ጃኬቱ ትከሻ ይቆርጣል፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ቢሆንም አንድም ቀን ጣራ አልናፈቀኝም።

ጥቂት ቆይቼ ምልክት ሰጪ አደረጉኝ። ክሬኑን የሚነዳው ኦፕሬተር ከተቀመጠበት ሆኖ የቱቦውን እግር አያይም። መዶሻው ሲወርድ ደግሞ ሬዲዮ አይሰማም፤ የሁላችንም ጆሮ ተደፍኗል። ስለዚህ ዓይኑ እኔ ነኝ። ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ፣ ቀስ በል፣ አቁም፣ ሁሉንም በእጄ ነው የምነግረው። ያ ሁሉ ብረት በእኔ ጣት ተነስቶ በእኔ ጣት ሲወርድ ደረቴ ይነፋል። ትዕቢት አይደለም አልልም፤ ትዕቢት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያዘኝ ኖሬ ክሬን ማዘዝ ሲደርሰኝ ብታበይ ማን ይፈርድብኛል?

ታዲያ ከምልክቶቹ አንዱ «አቁም» ነው። ክንድ ይዘረጋል፣ መዳፍ ወደ ታች ይደፋል፣ እጁ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሥልጠናው ላይ ሲያሳዩን ፈገግ ብዬ ነበር፤ የእናቴ ጥሪ የአጎት ልጅ መሰለኝ። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላበት ሰሞን ነው፣ ሐሙስ ጠዋት። አንድ ቱቦ ጀምረን ከግማሽ በላይ ሰድደነዋል። እኔ እንደወትሮዬ ከቀይ መስመሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ቀይ መስመሩ መዶሻ ሲሠራ ማንም እንዳያልፈው የተቀባ ወሰን ነው። የብየዳ ኢንስፔክተሩ መጣና ጆሮዬ ላይ ጮኾ በያጁ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። በያጁ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ከብረት ጋር ኖረው ጸጉራቸው የብረት መልክ የያዘ ሰው። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በትግርኛ «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከወዲያኛው ጥግ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆመው ወንዙን እያዩ ነበር። ብጠራቸው በዚያ ጩኸት አይሰሙም። ዞር ሲሉልኝ ክንዴን ዘርግቼ፣ መዳፌን ደፍቼ፣ «ይምጡ» አልኳቸው።

መዶሻው ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የተበላሸ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ኦፕሬተሩ ሁለት እጁን ከመሪዎቹ ላይ አንስቶ እኔ ላይ አፍጥጧል። ያን ጊዜ ገባኝ። እጄ ገና በአየር ላይ ነበር። ቶሎ ብዬ «ቀጥል» የሚለውን ምልክት ሰጠሁት፤ እሱ ሊቀጥል ሲል ግን ፎርማኑ እየሮጠ ደረሰ። ፎርማናችን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያመለጠው ይመስለዋል። «ማን ነው ያስቆመው? ለምን?» አለ። «እኔ ነኝ፤ ሰው ስጠራ ነው፤ ምንም አደጋ የለም፣ እንቀጥል» አልኩት። አልሰማኝም። ሁሉም ባለበት ይቁም አለና የሴፍቲ ኃላፊውን ከዋናው ቢሮ አስጠራው። ሰውዬው ከኤደን ፕሬሪ ነው የሚመጣው። መንገዱ ተዘግቶበት ሲደርስ ምሳ አልፎ ነበር።

ጭቃ ደግሞ አይጠብቅም። ቱቦው ሲወገር ዙሪያው ያለው ጭቃ ይናወጥና ይለቀዋል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆመ ግን ተመልሶ ጥምጥም ይልበታል። ከሰዓት በኋላ መዶሻውን ስናስነሳ ቱቦው ወይ ፍንክች አለ። መታነው፣ መታነው፤ ከሚፈለገው ጥልቀት ሳይደርስ እዚያው ተተክሎ ቀረ። ፎርማኑ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ዞረና፣ «ከነገ ጀምሮ ኢገን ግቢ ትገቢያለሽ። ምልክት ከአንቺ ጋር አብቅቷል» አለኝ። ኢገን ግቢ ማለት ዕቃ የሚከማችበት ቦታ ነው፤ እንጨት ይደረደራል፣ ሰንሰለት ይቆጠራል። ወንዝ የለውም። እዚያ የገባ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

ደሜ ፈላ። እኔ መዶሻውን ያስቆምኩት ለአንድ ትንፋሽ ነው፤ ግማሽ ቀን ያቆመው ማን ሆነና ነው?

መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ጋሼ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ምላሳቸው ላይ ትግርኛው አለ፤ ሲቆጡ ደግሞ ይበዛል።

«ስሚኝ ጓለይ። ነገ ሪፖርት ይጽፉብሻል። አንቺ ዴንጀር አየሁ በያቸው። ሽማግሌው መስመሩን ሊያልፍ ነበር፣ ሴቭ አደረግሁት በይ። እኔ ዊትነስ እሆናለሁ። ፊኒሽ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጥግዎን ይዘው ቆመው ነበር።»

«ማን አየኝ?»

«እኔ አየሁዎት።»

«ኧረ ልጅቷ! ለሥራሽ ነው የምልሽ! እኔ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ መስመር አለፈ ቢሉኝ ምን ያመጣሉ?»

ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር፤ ስሜን ለማዳን የራሳቸውን ስም ሊሰጡኝ ነው። ቢሆንም እምቢ አልኩ። እውነት አፍቃሪ ሆኜ አይደለም፤ አክስቴ ስትደውል «መጋዘን ነኝ» ብዬ ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ። ወንዝ ላይ ስለ አደጋ መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ያላየሁትን አየሁ ካልኩ፣ ነገ የምር ሳይ ማን ያምነኛል? ደግሞም አደጋ አየሁ ብል እጄን መደበቄ ነው። እናቴ የጠራችኝን እጅ እንደ ወንጀለኛ ኪሴ ውስጥ ከትቼ መኖሬ ነው። እሱን አላደርገውም።

ቤት ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። እዚሁ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ሁለታችንም ለምደነዋል። የሆነውን ነገርኳት።

«ማም፣ ጀስት ሴይ ሶሪ» አለችኝ።

«ለምኑ ነው ሶሪ የምለው?»

«ፎር ዘ ሃንድ ቲንግ። ዩ ኖው፣ ዩ ዲድ ኢት አት ማይ ስኩል ቱ።»

አስታወስኩት። ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ በር ላይ ሆኜ በእጄ ስጠራት፣ አስተማሪዋ «እናትሽ ሂጂ እያለችሽ ነው» ብላ መልሳ አስገብታት ነበር። እሷ ግን ከአስተማሪዋ እጅ አምልጣ ወደ እኔ ሮጠች። ይህን ሳስታውሳት ትከሻዋን ሰበቀች። «ዌል፣ አይ ኒው ዋት ዩ ሜንት» አለች፤ እኔ ገብቶኝ ነበር ማለቷ ነው። እኔም ያን ጊዜ ሶሪ እንደማልል ቆረጥኩ።

በማግስቱ ወደ ኢገን መሄድ ነበረብኝ። መኪናዬን ወደ ወንዙ ነዳሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁላችንም ቢሮ በሆነው ትሬለር ፊት ተሰብስበን ስለ ቀኑ ሥራ እንነጋገራለን። ሄልሜቴን አድርጌ መሃላቸው ቆምኩ። ፎርማኑ ሲያየኝ፣ «ግቢ ነው የተባልሽው» አለ።

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ትሬለሩ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን ይላል? ማንም ሰው ሥራ ማስቆም ይችላል፣ ያስቆመ ሰው አይቀጣም ይላል። ትናንት ሥራ ቆመ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምንድን ነው የምቀጣው?»

«እሱ አውቆ ለሚያስቆም ሰው ነው። አንቺ ሳታውቂ ነው ያስቆምሽው።»

«ከዛሬ ጀምሮ እጅ ሲነሳ አውቃችሁ ነው ሳታውቁ ልትለን ነው? እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት ግቢ ያስልከኝ ይሆን ብለው ሊያስቡ ነው? እኔን ከፈለግህ ላከኝ። ግን ያን ወረቀት መጀመሪያ ከበሩ ላይ ቅደደው።»

ጋሼ «ሃው!» አሉ፣ በአገራቸው አደናነቅ። ፎርማኑ አንገቱን አሸት አሸት አደረገና ወደ ኦፕሬተሩ ዞረ። ኦፕሬተሩ በዕድሜ የገፋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ለወራት አብረን ስንሠራ ከ«ሞርኒንግ» ውጭ ብዙ አልተባባልንም። ክሬኑ የእሱ ነው፤ የማያምነውን ሰው ምልክት አልቀበልም ካለ ፎርማኑም ሊያስገድደው አይችልም። ሥራዬ በእሱ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

«ሁለቱንም አሳይኝ» አለኝ። ከዚያም ሳይጠብቀኝ ክሬኑ ላይ ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ከመስመሩ ውጭ ሄጄ ቆምኩ። መጀመሪያ «አቁም» አሳየሁት። ቀጥሎ ጋሼን እንደጠራኋቸው አድርጌ «ይምጡ» አሳየሁት። እንደገና አስደገመኝ። ወርዶ ሲመጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር።

«ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው» አለ። «እጅሽን አይቼ ካላቆምኩ ሰው እገድላለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ አቆማለሁ። ሰው በእጅሽ አትጥሪ። ቃል ግቢልኝ፣ ተመለሺ።»

ሁሉም አየኝ። ፎርማኑም ቃሉን ትስጥና ነገሩ ይለቅ የሚል ይመስል ነበር። አንድ «እሺ» ብቻ ነው የጠየቁኝ። የእኛ ሰው ደግሞ ለ«እሺ» ሰነፍ አይደለም፤ ይሁን አይሁን ሳናውቅ ስንቱን እሺ ብለን መጥተናል። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቃል አልገባም» አልኩ። «ይህ እጅ ከእኔ ይቀድማል። ሳላስበው ነው የሚሄደው። አልጠራም ብዬህ አንድ ቀን ብጠራ፣ ያን ጊዜ ዋሽቼሃለሁ።»

ፎርማኑ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ በቃ፣ አለቀ ማለቱ ነው። ኦፕሬተሩ ግን አልሄደም። አገጩን እያሻሸ፣ «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

ቁልቁል እጆቼን አየሁ። ቀኜ ላይ ብርቱካናማው ጓንት አለ፤ ምልክት ሰጪ ከሩቅ እንዲታይ የሚያደርገው ነው። ግራዬ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ምልክት ስሰጥም በቀኜ ነው፣ ሰው ስጠራም በቀኜ ነው፤ ሁለት ሥራ አንድ እጅ ላይ ጭኜ ነው የከረምኩት። ጓንቱን አወለቅሁና ግራዬ ላይ አጠለቅሁት።

«ብርቱካናማውን ብቻ እይ» አልኩት። «ለአንተ የሚናገረው እሱ ነው። ባዶው እጄ የሚያደርገው አንተን አይመለከትህም።»

«ለምን ግራሽን?» አለ ፎርማኑ፤ ከምር ግራ ገብቶት ነበር። «የለመድሽው ቀኙ ነው። በቀኝሽ ምልክት ስጪ፣ ሰው መጥራት ካለብሽ በግራሽ ጥሪ።»

«ሰው በግራ እጅ አይጠራም» አልኩት። «እኚህ ሰውዬ አባቴ ይሆናሉ። በግራ እጄ ከምጠራቸው አለመጥራት ይሻለኛል። ክሬን ግን በግራ ቢያዙት አይቀየምም።»

ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ዞር ብለው አሳል አስመሰሉት። ኦፕሬተሩ ጓንቱን ለረጅም ጊዜ አየው። «በግራሽ ስትኮላተፊ ካየሁሽ አልነዳም» አለ። «ሰኞ። የቆመውን ቱቦ መልሰን ስንመታ። እስከዚያ ተለማመጂ።»

ፎርማኑ ለዚያን ቀን ግን ወደ ኢገን ላከኝ፤ አርብ ቀኑን ሙሉ እንጨት ስደረድር ዋልኩ። በግራ እጄ ነው የደረደርኩት።

የቀረኝ ቅዳሜና እሁድ ነበር። ግራ እጅ ሰነፍ ነው። «ከፍ» ስለው ጣቱ ይጣመማል፣ «ቀስ በል» ስለው ትከሻዬ አብሮ ይነሳል፤ ጡጦ እንዳስጣሉት ሕፃን ያኮርፈኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ይዤ ሜፕልዉድ የገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ሄድኩ። መንዳት እየተማረች ነው፤ መሪውን ሰጠኋትና፣ «ዛሬ ክሬን ነሽ፤ ከብርቱካናማው ጓንት በስተቀር ምንም አትስሚ» አልኳት። ነጠላዬን መቀመጫው ላይ ጥዬ ባዶው ጥግ ላይ ቆምኩ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ቀስ፣ አቁም። ስሳሳት እያቆመች በመስኮት፣ «ማም፣ ዛት ወዝ ናቲንግ። ዱ ኢት አጌን» ትለኛለች። ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረባትም። የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያየናል፤ በነጭ ቀሚስ፣ ባንድ እጇ ብርቱካናማ ጓንት ያጠለቀች ሴት መኪና ስታዝ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ይይ!

መጨረሻ ላይ ተንኮል አሰብኩ። መኪናዋን ወደ እኔ እያመጣች ሳለ ግራዬን «ቀጥይ» ላይ እንደያዝኩ በቀኜ፣ መዳፌን ደፍቼ፣ «ነይ» አልኳት። ታቆም እንደሆነ ለማየት ነው። ዓይኗን ከጓንቱ ላይ ሳትነቅል ቀስ ብላ መጣች። ግራዬ «አቁም» ሲል አጠገቤ አቆመች። መስኮቱን ዝቅ አደረገችና፣ «ሁለቱንም አይቻለሁ» አለችኝ። በአማርኛ ነው የተናገረችው። አቀፍኳት፤ ሰው ያየኛል አላልኩም፣ እሷ ግን «ማም፣ ስቶፕ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ወንዙ ከፍ ብሎ ነበር። የድርጅቱ መሐንዲስ መጥታ የመሬቱን አያያዝ የሚለካ መሣሪያ ቱቦው ላይ አስለጥፋለች። ቦታዬ ላይ ቆምኩ፣ ብርቱካናማው በግራዬ። ኦፕሬተሩ ከላይ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ግራዬን አነሳሁ። መዶሻው ተነሳ። ግራዬን አወረድኩ፤ ወረደ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲደልቅ ተሰማኝ። ቱቦው ፍንክች አላለም። ደግመን መታነው፤ እምቢ። መሐንዲሷ መሣሪያዋን እያየች ቆየችና አውራ ጣቷን አነሳች። ጭቃው በቆየበት ጊዜ አጥብቆ ይዞታል፤ የሚሸከመውን ሸክም ይችላል፤ እንደቆመ ይቆይ አለች። ትርፉ ተቆርጦ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል። ፎርማኑ ሰማ። ወደ እኔ አላየም።

ቀጣዩን ቱቦ አነሳን። ቱቦው ገና አየር ላይ እየተወዛወዘ ሳለ ፎርማኑ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ቀይ መስመሩን አለፈ። አስቤ ያደረግሁት ነገር የለም። ግራዬ ተዘረጋ፣ ተደፋ፣ ተወዛወዘ። ክሬኑ ቀጥ አለ። ቱቦው ከፎርማኑ ራስ በላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ተንጠልጥሎ ቀረ። እሱ ዝምታውን ሰምቶ ቀና አለ፤ ከዚያ ፊቱ ላይ ደም የሚባል ነገር ጠፋ። የት እንደሚሄድ ቸገረው፤ ወደ ኋላ ይል፣ ወደ ፊት ይል።

እሱን እንደ አገሩ ልጠራው እችል ነበር። መዳፌን ወደ ላይ መገልበጥ ብቻ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ አያቅተኝም። ኦፕሬተሩ ከላይ፣ ጋሼ ከጥጋቸው፣ ሁሉም ቆመው እጄን ያያሉ። ባዶውን ቀኜን ዘረጋሁ፣ መዳፌን ወደ ታች ደፋሁ፣ ጣቶቼን ወደ ራሴ ሰበሰብኩ።

አየኝ። እጄን አየ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ እኔ መጣ።

መስመሩን አልፎ ከኋላዬ እስኪቆም ድረስ እጄን አላወረድኩም። ከዚያ በግራዬ ክሬኑን ቀጥል አልኩት።